የልጄ የክርስትና ስም

«የክርስትና ስምህን ከቄሱና ከእናትህ በቀር ማንም አይስማው» ይለኝ ነበር አባቴ፣ ገበያ በላከኝ ቁጥር። ክፉ ሰው ስሙን ይዞ ይደግምበታል ብሎ ይፈራል። እኔም ለልጄ ይህንኑ ነው የነገርኳት። ታዲያ በቀደም ቡታጅራ ሱቄ ውስጥ በርበሬ ስመዝን፣ ልጄ ስልኬን ይዛ የባንኩ ገጽ ላይ ገብታ ለራሷ የቁጠባ ሒሳብ ልትከፍት ትሞክራለች። «አባዬ፣ የተወለድኩበትን ቀን ስጽፍ ‹ልጅ ነሽ፣ ወላጅሽ ይፍቀድ› ብሎ ቆመብኝ» አለችኝ። «ከዚያ በፊትስ ምን ጻፍሽ?» ስላት፣ «ሙሉ ስም ሲለኝ የክርስትናውንም ጨመርኩበት» አትለኝም!

በርበሬውን ሚዛን ላይ እንዳለ ትቼ ባንክ ሮጥኩ። መስኮቱ ጋ ለተቀመጠችው፣ ሂጃብ ለለበሰችው ሠራተኛ «የልጄን ስም መልሱልኝ!» አልኳት። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። አንዱማ «ጋሼ፣ ስምም ወጪ ይደረጋል እንዴ?» አለኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። ነገሬን አስጨርሳኝ ኮምፒውተሯን አየችና አስረዳችኝ። ለካ ሕግ አላቸው፤ የጻፈው ልጅ መሆኑ ከታወቀ፣ ወላጅ እስኪፈቅድ ድረስ ከጻፈው አንዲት ቃል አያስቀምጡም። አማተብኩ። ይህን ሕግ ያወጣው፣ መልኩን አይቼው የማላውቅ ሰው፣ የት እንዳለ የማላውቅ ሰው፣ ልጄን ሳያውቃት እንደ አባቴ ተጠንቅቆላት ኖሯል። ከደስታዬ ብዛት እኔው ራሴ «ስሟ እኮ ወለተ…» ብዬ ስጀምር፣ ሠራተኛዋ እጇን አንስታ አስቆመችኝ፦ «ጋሼ፣ እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ እርስዎም አሁን አይንገሩኝ።»