የውሃ አባት ያጣ ቦይ

ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ ቱራኩልን ቦዩ ዳር አገኘኋቸው። አካፋቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ወደ ስንዴያቸው የሚያስገባውን የውሃ በር ይጠብቃሉ። ስንዴው ፍሬ የሚይዝበት ሳምንት ነበር፤ በዚያ ሳምንት ውሃ ያልጠጣ ማሳ ገለባ ይሆናል። ውሃ የሚያከፋፍለን የውሃ አባት በበረዶው ወራት ከሞተ ወዲህ ምትክ አልመረጥንም።

የእህታቸው ልጅ ሳቭሪ አብራኝ ነበረች፤ ዋና ከተማችን ዱሻንቤ ሕግ ተምራ የመጣች ናት።

«አጎቴ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ስብሰባ አለ። የውሃ አባት ልንመርጥ ነው፤ ይመጣሉ አይደል?»

«እኛ ከብት ነን እንዴ እረኛ የሚቆምብን? አላህን የሚፈራ ሰው የጎረቤቱን ውሃ አይወስድም።»

«ታዲያ አካፋው ለማን ነው?»

«ለጥንቃቄ።»

«ከቦዩ ላይ ያሉትም የውሃ በራቸውን ያሰፉት ለጥንቃቄ ነው። እርስዎም ቦዩን ከበርዎ በታች በሣር የደፈኑት ለጥንቃቄ ነው። ሁላችሁ ስትጠነቀቁ የታችኛው ጎረቤታችን የሙዞፋር ማሳ መንጣት ጀመረ።»

«ይቺ ምላስ! ዱሻንቤ ድረስ የላክንሽ ይህን እንድትማሪ ነው?»

ሣቄን ዋጥኩ። አባባ ቱራኩል ዳቧቸውን ብቻቸውን በልተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ግን ውሃ ሲያንስ ደግ ሰውም ይፈራል፤ የፈራ ሰው የሚሠራውም ስግብግብ ከሚሠራው አይለይም።

ይህን ሳስብ ሙዞፋር ከታች መጣ። ማሳው የቦዩ መጨረሻ ላይ ነው። ሰላምታ አልሰጠንም። አጎንብሶ የተደፈነውን ሣር ይነቅል ጀመር።

«ተው!» አሉ ሽማግሌው።

አልተወም። አካፋው ወደ ላይ ተነሣ። ሙዞፋር ቀና እንኳ አላለም፤ ማጅራቱ ለአካፋው ተገልጦ ነበር።

«አጎቴ!» ብላ ጮኸች ሳቭሪ።

አካፋው ከሽማግሌው እጅ መሬት ላይ ወደቀ። ሙዞፋር እጁን በሱሪው ጠርጎ ወደ ታች ወረደ።

«ልገድለው ነበር» አሉ አባባ ቱራኩል። «የአባቴን ቃሬዛ የተሸከመልኝን ሰው!»

«ክፉ ስለሆኑ አይደለም» አለች፣ አጠገባቸው ተቀምጣ። «ዳኛ ስለሌለን እያንዳንዳችን በየበራችን ዳኛም ወታደርም ሆንን። ነገ ሌላው አካፋ ያነሣል፤ የሚጮህለትም ላይኖር ይችላል።»

ሽማግሌው አካፋውን ከመሬት አንሥተው ሣሩ ላይ አጋደሙት።

«የምትመርጡትስ ሰው አይደለም? በሮቹን ሁሉ እሱ ከያዘ፣ እሱን ማን ይይዘዋል?»

«ደንብ ይጻፋል፤ ካጠፋም እናወርደዋለን።»

«እስክታወርዱት ስንዴው ይደርቃል። አይ ልጄ፣ ድሮ አባቶቻችን ከመጨረሻው ማሳ ነበር የሚመርጡት። መጨረሻ ያለው ሰው የሚጠጣው ሁላችን ከጠጣን ነው፤ ቢሰስትም ውሃው ታች እንዲደርስ ነው፤ ያ ደግሞ ለሁላችን ነው።» ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። መጨረሻ ላይ ያለው ማን እንደሆነ ትዝ አላቸው።

ሦስታችንም ወረድን። ሙዞፋር የቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን፤ ግቡ አላለንም።

«ስብሰባው ላይ ስምህን ላነሣ ነው» አሉት።

«መጀመሪያ የምዘጋው ያንተን የውሃ በር ነው።»

«ዝጋው» አሉ ሽማግሌው።

ተመረጠ፤ ዘጋውም። በዚያ ዓመት የአባባ ቱራኩል ምርት ቀነሰ፣ የሙዞፋር ማሳ ግን ፍሬ ያዘ፤ መንደሩም የሙዞፋርን ሰላምታ መልሶ አገኘ። ውሃው አልበዛም። ተራችን መቼ እንደሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለምናውቅም በር ሳንጠብቅ እንተኛለን።