ወሬ የሚያቋርጠው ፈረንሳዊ

የፌርፋክስ አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ አጠገባቸው አበባ ታቅፋ የተቀመጠችውን ወጣት ጠየቋት።

«ልደትሽ ነው?»

«አይ ጋሼ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ፕሮፌሰሮቼ ፊት ዲፌንድ አድርጌ ነው። ፓስ አደረግኩ!»

«እሰይ! ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ አንድ ፈረንሳዊ የአእምሮ ሐኪም። ከሞተ ቆይቷል፣ ግን እስካሁን ሰው ያጣላል።»

«ምን አድርጎ?»

«በሽተኛው እያወራ በመሃል ‹ለዛሬ ይብቃን› ብሎ ያሰናብተው ነበር።»

«ባለጌ ነዋ!»

«አንዷ ፕሮፌሰሬም አጭበርባሪ ነው አለች። ሌላው ደግሞ የለም፣ ሊቅ ነው፤ የተቋረጠ ሰው ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል አለ። ሶ፣ እኔን ትተው ሁለቱ ተያያዙ።»

«አንቺስ?»

«ብድግ ብዬ ‹ለዛሬ ይብቃን› አልኳቸዋ!»

«በስመ አብ! ከዚያስ?»

«መጀመሪያ የሳቀችው አጭበርባሪ ያለችው ናት።»

«አንበሳ! የኔም ልጅ እንዳንቺ ናት። ከተኮራረፍን ግን ቆየን። መደወሉን ጠልቼ እኮ አይደለም፣ ብቻ...»

«ለዛሬ ይብቃን፣ ጋሼ!»

እየሳቀች ሚራክል ማይል ፌርማታ ላይ ወረደች።

«አይ የዛሬ ልጅ!» አሉና ትንሽ ቆይተው ስልካቸውን አወጡ። «ሄሎ፣ ልጄ? አባትሽ ነኝ። ኧረ ምን ያስለቅስሻል!»

ፌርማታዬ ሲያልፍ እያየሁ አውቶቡሱን የሚያስቆመውን የመውረጃ ገመድ ሳልስብ ቀረሁ።