ድመቷ አትታመምም ያሉት ፈታሽ

ክቡራን ባልደረቦቼ፤

እኔ የጽሑፍ አራሚ፣ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው እህታችን የኮምፒውተርና የስልክ ጨዋታ ፈታሽ ሆነን በአንድ ክፍል በቆየንባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት የደረሰብኝን ሁሉ ምሬት ሳላሰማ ችያለሁ። መስኮት ሲከፈት ይበርዳቸዋል፤ ሲዘጋ ያፍናቸዋል። አንዱን ጨዋታ አርባ ጊዜ ሲሞክሩ ያንኑ ሙዚቃ አርባ ጊዜ አድምጫለሁ። ሻዬን ተሳስተው ጠጥተው፣ «የኔታ፣ ስኳር አንሶታል» ብለውኛል። ዛሬ ተገላገልሁ ብል ግን ውሸቴን ነው።

መጀመሪያ የመጡ ዕለት ቦርሳቸውን አቅፈው ሲገቡ፣ ዘበኛው «ልጅዎን ፈልገው ነው?» አላቸው። «የለም፣ ስህተታችሁን ፈልጌ ነው» አሉት። እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ አንድ አገኙ።

ጨዋታው አለቀ ባልን ቁጥር «ቆዩ» ስለሚሉን «እመት ቆዩ» አልናቸው። ያለ ፊርማቸው ምንም ለገበያ አይወጣምና እንቆያለን።

ባለፈው ዓመት ልጆች በስልክ የሚያሳድጓት ድመት ሠራን። ጨዋታው በነፃ ይገኛል፤ በሦስተኛው ቀን ግን ድመቷ ትታመማለች፤ መድኃኒቷም በገንዘብ ነው። «መድኃኒት ካልገዛህልኝ፣ እሞታለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያረምሁት እኔ ነኝ። ነጠላ ሰረዙን አስተካክዬ፣ ሥራዬን በወጉ ፈጸምሁ ብዬ ተቀመጥሁ።

እርሳቸው ዞር ብለው፣ «የኔታ፣ ሰረዙስ ደኅና ነው። ይህንን ለልጅ ልጅዎ ያነቡላታል?» አሉኝ።

ማታ ቤቴ ሄጄ አነበብሁላት። ልጅቷ፣ «አያቴ፣ ማን ነው ያሳመማት?» አለችኝ። ያሳመምናት እኛ ነበርን፤ ሰረዙም የእኔ።

የሽያጭ ኃላፊያችን እዚህ አሉ፤ ይቅር ይበሉኝ። «እትዬ፣ ሁሉም የሚሸጠው እንዲህ ነው» አሏቸው። «እንግዲያው የእኛ ቢቀር ማን ይጎዳል?» ብለው እመት ቆዩ ወረቀቱን ሳይፈርሙ መለሱላቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ መሥሪያ ቤቱ ሊዘጋ ነው እያልን በጭንቀት ከረምን። በመጨረሻ ሕመሙ ከጨዋታው ወጣ፤ የሙሉ ጨዋታው ዋጋ ፊት ለፊት ተጻፈ፤ አንዴ የገዛ ልጅ ዳግም አይጠየቅም። ጨዋታው ተሸጠ። ይኸው፣ ሁላችንም በየወንበራችን አለን።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የነሣኝ አንድ ወሬ ነበር፤ እርሳቸው ሲወጡ ፊርማው ወደ ሽያጭ ክፍል ይዛወራል ይባል ነበር። ዛሬ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ፊርማው ከፈታሽ ጠረጴዛ እንደማይነሣ በደብዳቤ አረጋገጡልን። እፎይ ብያለሁ።

እህቴ፣ በቀይ እስክሪብቶ ባረጀሁበት ዘመን ሁሉ፣ ያረምሁት ቃል የማን ጆሮ እንደሚገባ የጠየቁኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። አመሰግንዎታለሁ። ወገኖቼ፣ ብርጭቋችንን እናንሣ፤ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ማንም «ቶሎ በሉ» ለማይልዎ ጠዋት ሁሉ።

እኔም በመጪው ዓመት እወጣለሁ። ልጄ፣ ነገ የእርሳቸውን ወንበር የምትረከቢው፣ አንድ ቃል አወርስሻለሁ። «አይሆንም» ብለሽ በምትመልሽው ወረቀት ሁሉ ላይ፣ ከስምሽ ሥር የአራሚው ስምም ይሰፍራል። እስክወጣ ድረስ የእኔ፣ ከዚያ በኋላ የሚተካኝ ሰው። ብቻሽን አትቆሚም።