ባንክ ለአናጢ ያበድራል ወይ?

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ወር ላይ፣ አቶ ገብረየስ የሚባሉ የታቦር ሰፈር አናጢ የቤታቸውን ካርታ በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘው ወደ አዋሳ መሀል ከተማ በጋሪ ይወርዱ ነበር። ለአዲሱ ዓመት የሚደርስ መቶ ሃምሳ የተማሪ ዴስክ እንዲሠሩ ታዘዋል። በሠላሳ ሁለት ዓመት የሙያ ዘመናቸው እንዲህ ያለ ሥራ ገጥሟቸው አያውቅም፤ የጣውላ መግዣ ግን አጡ። ስለዚህ ወልደጻድቅ ከሚባል አራጣ አበዳሪ ሊበደሩ መሄዳቸው ነው። ከቤት ሲወጡ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሙሉጌጥ «ምስማር ልገዛ ነው» ብለው ነበር።

መንገድ ላይ ዝናቡ ወረደ። ነጂው ጋሪውን አቁሞ አንዲት ጃንጥላ የሌላት ወጣት አሳፈረ። አቶ ገብረየስ ቀና ቢሉ የሟች ባልንጀራቸው የኩማ ልጅ ታቢታ ናት። ተምራ ባንክ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው።

«እንደምን አደሩ ጋሼ ገብረየስ? በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?»

ጧት የዋሹት ውሸት ገና ስለከበዳቸው ሌላ መጨመር አቃታቸው። «ከወልደጻድቅ ገንዘብ ልበደር ነው ልጄ።»

«ወደ ባንክስ ለምን አይመጡም?»

አቶ ገብረየስ ሳቅ አሉ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። «መጥቼ ነበር እኮ! አራት ዓመት ሆነው። ‹በማኅበር ተደራጅተው ይምጡ› ብለው ሸኙኝ። ባንክ የሚያውቀው የመንግሥት እርሻንና ፋብሪካን ነው። የእኔ ቢጤ ደጅ ቢጠና ጫማውን ይጨርሳል እንጂ ምን ያገኛል?»

«እውነትዎን ነው» አለች ታቢታ።

ክርክር ጠብቀው ነበርና ይህ መልስ አስገረማቸው።

«ባለፈው ወር» ስትል ቀጠለች፣ «አለቃዬ የቅርንጫፋችንን የዐሥር ዓመት ብድር በየዘርፉ ለይቼ በሠንጠረዥ እንዳቀርብ አዘዘኝ። ከላይ የመንግሥት እርሻ፣ ቀጥሎ ፋብሪካ፣ ከዚያ ማኅበራት፣ ከዚያ ንግድ። የግል የእጅ ሥራ የሚለው ከሁሉ በታች ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ባዶ። እያንዳንዱን ዓመት በሰረዝ ስሞላ፣ አባቴ ከእርስዎ ጋር መጋዝ ሲስብ ትዝ አለኝ።»

«ታዲያ ይህን እያወቅሽ ትጠሪኛለሽ?»

«ነገሩ መለወጥ ስለጀመረ ነዋ! ማሳውን በሙሉ በቆሎ የዘራ ገበሬ ዝናብ ሲቀርበት ምን ይበላል? በጓሮው እንሰት የተከለው ጎረቤቱ ግን ክፉውን ቀን ያልፋል። እኛም ገንዘቡን በጥቂት ትልልቅ እርሻዎች ላይ አፈሰስነው፤ እነርሱ መክፈል ሲያቅታቸው እጃችንን አጣጥፈን ቀረን። መጋቢት ላይ ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ ወዲህ ግን ለግል ባለሙያም አበድሩ ተብለናል። በዚያ ባዶ መስመር ላይ ዘንድሮ ሦስት ሰው ጽፌያለሁ፤ ሁለት ባለወፍጮና አንድ ብረት ሠሪ።»

«በዚህ ሁሉ ከተማ ሦስት ሰው!»

«ጥቂት ነው ጋሼ፤ አላጋንንም። ወለዱ ደግሞ ከመቶ ብር በዓመት ዘጠኝ ብር ከሃምሳ ነው። ወልደጻድቅስ?»

«ዐሥር።»

«በዓመት?»

አቶ ገብረየስ ዝናቡን ማየት ጀመሩ። «በወር።»

ጋሪ ነጂው እንኳ ዞር ብሎ አያቸው።

«በስድሳ ሰባት» አሉ አቶ ገብረየስ ቆጣ ብለው፣ «አከራያቸው የነበሩ ሁለት ክፍሎቼን መንግሥት ወረሰብኝ። ዛሬ ደግሞ የቀረችኝን ቤት ካርታ በገዛ እጄ ለመንግሥት ባንክ ላስረክብ? ወልደጻድቅ ቢያንስ የማውቀው ሰው ነው።»

 ቁስሉ የእርሳቸው ብቻ እንዳልሆነ ታቢታ ታውቃለች። «መፍራትዎ አይፈረድብዎትም። ግን ከወልደጻድቅ ጋር የሚዋዋሉት ውል ምን ይላል?»

«ለወጉ ያህል ሽያጭ ተብሎ ይጻፋል። ስከፍል ይቀደዳል።»

«ሽያጭ ተብሎ የተጻፈማ ሽያጭ ነው! ባንኩ ‹መያዣ› ብሎ ይጽፋል፤ የሚከፈልበት ቀንና ልኩ ይታወቃል፤ ግልባጩም በእጅዎ ይቀራል። እትዬ ሙሉጌጥ ይህን ነገር ያውቃሉ?»

አቶ ገብረየስ ካርታው ያለበትን ኪስ በእጃቸው ዳበሱ። እኒህ ሰው እንጨት ሳይለኩ ቆርጠው አያውቁም፤ ቤታቸውን ግን ሳይለኩ ሊቆርጡት ነበር። ጋሪው ባንኩ ደጅ ሲደርስ ከታቢታ ጋር አብረው ወረዱ።

ነገሩ አልጋ በአልጋ አልሆነላቸውም። ባንኩ የባለቤታቸውንም ፊርማ ጠየቀ፤ ወይዘሮ ሙሉጌጥ እውነቱን በሰሙ ጊዜ ሦስት ቀን አኮረፏቸው፤ በአራተኛው ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው አብረው ሄደው ፈረሙ። አምስት ሳምንት ተመላለሱ። የተፈቀደላቸውም ከጠየቁት ከሦስት ሁለት እጁ ብቻ ነበር። ጣውላውን በሁለት ዙር ገዙ፤ የመጨረሻዎቹ ሠላሳ ዴስኮች ትምህርት ከተጀመረ በሁለት ሳምንት ዘግይተው ደረሱ። ቢሆንም ደረሱ።

በጥር ወር ሐይቅ ዳር ከታቢታ ጋር ሲገናኙ አቶ ገብረየስ ራሳቸው ሰባኪ ሆነው ነበር። «ዕዳዬን አጋምሻለሁ። ሁለት ሠራተኛ ቀጥሬያለሁ፤ እነርሱም ቤተሰብ ያበላሉ። መቶ ሃምሳ ዴስክ ላይ ሦስት መቶ ልጅ ተቀምጦ ይማራል። ሚስቴን ሳልሸሽ ቤቴ እገባለሁ። ለካ አንድ አናጢ ሲበደር አንድ ሰው ብቻ አይደለም የሚጠቀመው!»

ከዚያም በሐይቁ ዳርቻ ተደርድረው ዓሣ የሚያጸዱትን ሴቶች አመለከቷት። «እኔስ ማስያዣ ቤት ነበረኝ። ያቺን ጫፍ ላይ የተቀመጠችውን ወርቄን እያት፤ ከኔ ይልቅ ትሠራለች፤ ያላት ግን ያቺ ቢላዋ ብቻ ናት። የእርሷ መስመር የቱ ጋ ነው?»

ታቢታ ወደ ወርቄ ተመለከተች። «በሠንጠረዡ ውስጥ የለም ጋሼ።»

«እንግዲያው አስምሪው።»

ታቢታ ጫማዋን አውልቃ፣ እርጥቡን አሸዋ እየረገጠች፣ ወርቄ አጠገብ ሄዳ ቁጭ አለች። በቀን ስንት ዓሣ እንደምትሸጥ ጠየቀቻት።