ቁልፉን ልቀቅ፣ ወዬሳ!

ተቀመጡ። ወዬሳ፣ አንተም ተቀመጥ፤ ዛሬ መሸኛህ ነው፣ የምትነካው ነገር የለም። ሁለት ነገር ይዤ ቆሜአለሁ፤ ክስና ይቅርታ። ክሱ ይቀድማል።

ወዬሳ የዛሬ አስራ ዘጠኝ ዓመት ወደዚህ የትምህርት ቤታችን የሬዲዮ ወርክሾፕ ሲገባ፣ ገና ሰላም ሳይለን መገናኛውን አብርቶ የማስተላለፊያውን ቁልፍ ተጫነ።

«አንቴናው የታለ?» አልኩት።

«ይመጣል።»

ይመጣል! ከመቂ በሚኒባስ የሚመጣ ዘመድ መሰለው! እኔ ጡረታ ወጥቼ በኮንትራት የተመለስኩት ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ማን ይቆጣጠረዋል ብዬ ነው።

«አምስት ዋት እኮ ናት» ይላል። አምስት ዋትም መውጫ ካጣች ተመልሳ የገዛ ሬዲዮዋን ታቃጥላለች። የአንቴና ማስተካከያ ሳጥኗ ለዚህ ነው ያለችው። አጠቃቀሟን ማንም አላስተማረኝም፤ ሦስት ትራንዚስተር አቃጥዬ ነው የተማርኩት። ግድግዳው ላይም ጽፌአለሁ፦ መጀመሪያ አዳምጥ፤ መስመሩ ላይ ሰው ካለ አትረብሽ። የምትሰማው ድምፅ እስኪጎላ የሳጥኗን ማዞሪያዎች አዙር። ኃይሉን ዝቅ አድርግ፣ ለአፍታ ተጫን፣ የመለኪያውን መርፌ እይ፣ ልቀቅ። የሳጥኗን የሽቦ ጥቅልል መምረጫ የምታዞረው ከለቀቅክ በኋላ ብቻ ነው።

ይሄ ምኑ ይከብዳል? ወዬሳ ግን በአንድ እጁ እንደተጫነ በሌላው ያዞራል። ሳጥኗ ውስጥ ብልጭታው ይንጣጣል።

«ቁልፉን ልቀቅ!»

«ኦብሲ፣ ጋሽ ገመቹ። ትንሽ ነው የቀራት።»

ኦብሲ! እኔን ታገሥ ይለኛል! ዱሬቲ፣ አትሳቂ፤ ረዳቱ ሆነሽ አንቺም ለምደሽዋል።

አሁን ይቅርታው። አምና የአዳማ ነፋስ የአንቴናውን ሽቦ ከምሰሶው ሲያላቅቀው፣ ጣሪያ ላይ ወጥቼ በባዶ እጄ አስረው ነበር። ያን ጊዜ ከሩቅ አገር አንድ ሰው በሬዲዮ ጠራን። ስንት ዓመት የጠበቅነው ጥሪ! ስወርድ ሰውየው ሄዷል፤ ወዬሳ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። «ጣትህ ዛሬ ነው የሰነፈው?» ብዬ ተማሪዎች ፊት አዋረድኩት። ዝም አለ። ሳምንት ሙሉ አላናገርኩትም።

ባለፈው ሰኞ ዱሬቲ ነገረችኝ። ተማሪዎቹ «መልስላቸው! መልስ!» እያሉ ሲጮኹበት፣ ማይክሮፎኑን ነቅሎ ኪሱ ከቶታል። «ጋሼ ሽቦው ላይ ናቸው» ብሎ።

አምስት ዋትም ሽቦ የያዘን እጅ ታቃጥላለች። ጣሪያ ላይ ያለ ሽማግሌ ደንግጦ ቢወድቅስ? «ሽቦው ላይ ሰው ካለ ቁልፉን አትጫን» የሚለውን ደንብ ግድግዳው ላይ አልጻፍኩትም ነበር። እኔ! ዛሬ ጠዋት ጻፍኩት፤ ከሁሉም በላይ ነው። ስምህ ከሥሩ አለ።

ተሳስቻለሁ፣ ወዬሳ። ይቅር በለኝ። ስለ ዝምታህም አመሰግናለሁ፤ ብታናድደኝም።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ፤ ለስላሳም ይሁን ውሃ። መቂ ላይ ጤና ይስጥህ፤ የሚታገሥህ ጎረቤትና ሽቦ የምትሰቅልበት ረጅም ግራር አይጥፋ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት በሬዲዮ አዳምጥሃለሁ። ጠርተኸኝ ቶሎ ካልመለስኩ፣ ጣሪያ ላይ ነኝ ማለት ነው።

ያኔ አንተ ኦብሲ። ለወዬሳ!