የአልቃሻ ዙር

ጋሼ ፊሽካ የሚለውን ቅጽል ያወጡላቸው ሯጮቻቸው ናቸው። ፊሽካው ካንገታቸው ወርዶ አያውቅም፤ ሻይ ሲጠጡ እንኳ ከብርጭቆው ጋር እየተጋጨ ያቃጭላል። የክለቡን ሯጮች ወንድ ሴት ሳይሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያሠለጠኑ እሳቸው ነበሩ። አምና ግን አስተዳደሩ የሴቶቹን ቡድን አንስቶ፣ በስፖርት ትምህርት ተመርቃ ለመጣች ወጣት አሠልጣኝ ሰጠባቸው። ወጣቷ ደግሞ የትናንት ሯጫቸው ናት። ይባስ ብሎ የገዛ ልጃቸው እዚያው ቡድን ውስጥ አለች። ከዚያ ወዲህ ቅናት እንደ ቃር ያዛቸው። «ቅናት አይደለም፣ ለክለቡ አስቤ ነው» ይላሉ። ማን ያምናቸዋል!

አንድ ቀን ጠዋት ሶላቸውን ሊያስለጥፉ ጫማ ሰፊው ዘንድ ቁጭ ብለው ሳለ ማን ትግባ? ያቺው ወጣት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ሊያዞሩ ሲሉ በእጇ የያዘችውን የመሮጫ ጫማ አዩ። ሰማያዊ ነው፤ የግራው ማሰሪያ በነጭ ተቀይሯል። የቀየሩት ራሳቸው ናቸው። የልጃቸው ጫማ!

«እንደምን አደሩ ጋሼ?» አለች ጎንበስ ብላ።

«እግዜር ይመስገን። የልጄ ጫማ አንቺ እጅ ምን ይሠራል? እኔ አባቷ ሞቻለሁ?»

«ኧረ ክፉ አይንካዎት! ውስጡ ለስለስ ያለ ንጣፍ ላስገባላት ብዬ ነው። ቅልጥሟን እያመማት ነው።»

«ልጄን? አሁን ቁርስ አብረን በልተን ነው የወጣሁት። ትንፍሽ አላለችም። ለእኔ ያልነገረችውን ላንቺ ነገረችሽ?»

«አዎ ጋሼ።»

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። አባት ናቸውና ልጃቸው መታመሟ ሊያስደነግጣቸው ይገባ ነበር። እሳቸውን ግን ያንገበገባቸው ሕመሙ ሳይሆን፣ ቀድሞ የሰማው ሌላ ሰው መሆኑ ነው። ቅናት ዓይን ሲጋርድ እንዲህ ነው።

«ገባኝ! እሑድ ማጣሪያ ነው። ዛሬ ከሰዓት እኔው ራሴ ልፈትናት ተቀጣጥረናል። እንዳትሮጥ ልታስቀሪያት ነው አይደል? ‹የጋሼ ልጅ አሸነፈች› እንዳይባል!»

«ብታሸንፍ እኮ ጋሼ አሠልጣኟ እኔ ነኝ፤ የምመሰገነውም እኔ ነኝ። ለስሜ ብስገበገብማ ‹ሩጪ› ነበር የምላት።»

ጫማ ሰፊው ሳቁን ለመደበቅ አንገቱን ደፋ። ጋሼ ገላመጡት።

«ሐኪሙ አጥንቷ መሰንጠቅ ጀምሯል ብሏል» ብላ ቀጠለች። «አሁን ካረፈች ይጠገናል። ከሮጠችበት ግን ይሰበራል፤ ያኔ ማጣሪያው ብቻ ሳይሆን ሩጫው ራሱ ይቀርባታል።»

«ሯጭ በልምምድ እንጂ በፍራሽ ሲሠራ አላየሁም!»

«ልምምዱማ ያደክማል እንጂ አያጠነክርም። ሰውነት የሚጠነክረው ከልምምዱ በኋላ ሲያርፍ ነው። ደግሞ ድካም ሌላ፣ ሕመም ሌላ። የድካም ሕመም አድሮ ይለቃል። አንድ ቦታ ተተክሎ ሲነኩት የሚያስጮህ ግን አደጋ ነው። ይህን ለይቶ ሊነግረን የሚችለው ሯጩ ብቻ ነው። እርስዎ ዘንድ ‹አመመኝ› ያለ ምን ይደረጋል?»

ጋሼ ደረታቸውን ነፉ። «የአልቃሻ ዙር ይሮጣላ! ጓደኞቹ እያጨበጨቡበት ሜዳውን ይዞራል። ከዚያ ወዲያ አመመኝ ባይ የለም።»

«ልክ ነው፣ የለም» አለች ወጣቷ። «እኔም አላልኩም።»

ጎናቸው ቁጭ ብላ የሱሪዋን እግር ወደ ላይ ሰበሰበች። ቅልጥሟ ላይ ረጅም የቀዶ ጥገና ጠባሳ አለ። «‹ጀግናዬ› ሲሉኝ አጥንቴ ተሰንጥቆ ነበር። አልቃሻ እንዳልባል ዋጥ አድርጌ ሮጥኩ፤ ውድድሩ መሐል ተሰበረ። እርስዎ ‹ዕድሏ ነው› አሉ። ዕድሌ አልነበረም ጋሼ። ፈርቼዎት ነው።»

ከሜዳው ተሸክመው ያወጧት እሳቸው ነበሩ። ጩኸቷ ዛሬም ከጆሯቸው አልወጣም። ፊሽካቸውን በእጃቸው ጨብጠው፣ «ልጄም ትፈራኛለች?» አሉ።

«ትወድዎታለች። እንዳያፍሩባት ብላ ነው የደበቀችዎት።»

«ታዲያ ላንቺ እንዴት ነገረችሽ?»

«ስለጠየቅኳት። ልምምድ ሳንጀምር እያንዳንዷን እጠይቃለሁ፤ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? የቱ ጋ ያምሻል? የምትለኝን ሰምቼ አልስቅባትም። የተማርኩት ትምህርት ሁሉ ያለዚህ አይሠራም።»

ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ሜዳው ዳር ደረሱ። ልጅቷ አሮጌ ጫማ አጥልቃ አባቷን ትጠብቃለች።

«የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» አሏት።

ልጅቷ መጀመሪያ ያየችው ወጣቷን ነው። ያቺ እይታ አንጀታቸውን ቆረጠችው። «ኧረ ደህና ነኝ አባዬ» አለች።

«የአልቃሻ ዙር ቀርቷል፤ ከዛሬ ጀምሮ የለም። የቱ ጋ ነው ልጄ?»

ይሄኔ ሳሩ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀምጣ ቅልጥሟን ያዘችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

የእሑዱ ማጣሪያ አመለጣት፤ ቦታዋንም ሌላ ሯጭ ወሰደችው። ጋሼ ሲነጫነጩ ከረሙ። አጥንቱ ግን ጠገገ፤ በተከታዩ ዓመት ልጅቷ ማጣሪያውን አሸነፈች። የወንዶቹም ቡድን ተለወጠ። ጋሼ መጠየቅ ሲጀምሩ፣ ሰነፍ ይሏቸው የነበሩት ልጆች ሕመምተኞች ሆነው ተገኙ። ሕመሙ በጊዜ ሲነገር በጥቂት ቀን ዕረፍት ይድናል፤ ድሮ ሲደበቅ ግን ሯጩን ለወራት ያስተኛ ነበር። ሯጭ የሚያሠለጥን ሁሉ ከፊሽካው በፊት ጆሮውን ያዘጋጅ የምንለው ለዚህ ነው።

ቅናቱስ ለቀቃቸው? ኧረ የት! ያሸነፈች ዕለት ልጅቷ ሮጣ የተጠመጠመችው ወጣቷ አንገት ላይ ነበር። ጋሼ ዳር ቆመው እርር ድብን አሉ። ከዚያ ወደ እሳቸው መጥታ ጆሯቸው ሥር፣ «አባዬ፣ ተረከዜን ትንሽ ይቆጠቁጠኛል» አለቻቸው።

«ለእሷ ነገርሻት?»

«ገና ነኝ።»

ጋሼ ያንን ሁሉ ሕዝብ ረስተው መሬት ላይ ተንበረከኩና የልጃቸውን የጫማ ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ። የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት እስኪያልቅ ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው ነበር።