መሪው የከበደው እኔን፣ የተጠየቀው ባሌ

እስቲ ፍረዱኝ። ከጫኖ ሙዝ ጭነን ስንመለስ የአሮጌዋ መኪናዬ መሪ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ባሌ አጠገቤ ተቀምጧል፤ እሱ መንዳት አይችልም። ሲቀላ ሰፈር ስንደርስ አንድ ጋራዥ ገባንና መካኒኩን፣ "መሪውን ሳዞር የዳሽቦርዱ መብራት ይፈዛል፤ እስቲ ባትሪውን እይልኝ" አልኩት። እሱ ወደ ባሌ ዞሮ፣ "ጋሼ፣ መቼ ነው የጀመረዎት?" አለው። "የምነዳው እኔ ነኝ" አልኩ። አሁንም ለባሌ፣ "የመሪ ዘይቱ አልቋል" ብሎት ዘይት ይዞ መጣ።

"የዚች መኪና መሪ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ ዘይት የለውም። የት ልትጨምረው ነው?" አልኩት።

"ቀዳዳ አይጠፋም" አለና የፍሬን ዘይቱን ክዳን መፍታት ጀመረ። ፍሬኑን እኮ ነው! እጁን ገፍቼ ኮፈኑን ዘጋሁት። ያኔም እኔን አላየኝም፤ ወደ ባሌ ጠጋ ብሎ፣ "አይዞዎት ጋሼ፣ ቻል ያድርጉት" አለው። ባሌ ደግሞ፣ "ምን ይደረግ ብለህ" አይልም መሰላችሁ።

ሌላ ጋራዥ ወስጄ ሳሳያት የባትሪው ገመድ ላልቶ ነው ለካ። ገመዱ ሲጠብቅ መሪው ቀለለ። ባሌን ግን እኔን 'ከመቻል' እንዲያርፍ ብዬ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ከጫኖ የምመልሰው በባጃጅ ነው።